ከሐረር ወጣ ብሎ ለሚኖር ሰው፦ ስለ ጎረቤት ውሻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፣ የከዚራ። ከሐረር ወጣ ብሎ ወደ ሶፊ በሚወስደው መንገድ በኩል ቤት ሠርቼ ከገባሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ከከተማ ወጥቶ ቤት የሠራ ወዳጅ ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ይደውልልኛል። ስለ መብራት ወይም ስለ ውኃ ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ ስለ ውሻ ይጠይቀኛል። ጥያቄው ስለሚመሳሰል አንድ ላይ ጻፍኩት። የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም፣ ጠበቃም አይደለሁም። እንቅልፍ አጥቼ የተማርኩ ሰው ነኝ።

ሌሊቱን ሙሉ ለምንድን ነው የሚጮኹት?

ሥራ ላይ ስለሆኑ ነው። ቀን ፀሐይ ሽሽት ዛፍ ሥር ተጋድመው ያያችኋቸው ውሾች ማታ ፈረቃቸው ይገባል።

መጀመሪያ ጅብ አለ። ጅብ ሐረርን የሚጎበኝ እንግዳ አይደለም፣ ነዋሪ ነው። የጀጎል ግንብ ራሱ ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ አለው፤ ሐረሪዎቹ ‹ወራባ ኑዱል› ይሉታል። ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ ለጅብ በአፉ ሥጋ የሚያጎርስ ሰው ለማየት ቱሪስት ይሰበሰባል። በአሹራ ቀን ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ ይቀርብለታል። የድሮ አባቶች በረሃብ ዘመን ከጅብ ጋር ታረቁ ይባላል፤ ገንፎው የዚያ መታሰቢያ ነው። ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን ዕርቁ የሰውና የጅብ ነው። ውሻ አልፈረመም። ጅብ ውሻ ይበላል፣ ውሻም ይህን አሳምሮ ያውቃል።

ቀጥሎ ጫት አለ። ‹ውሻ ምን አገባት ከእርሻ› የሚለው ተረት የተተረተው ጫት በሌለበት አገር መሆን አለበት። እዚህ አግብቷታል። ለጋው ጫት በአንድ ሌሊት ተቆርጦ ጠዋት አወዳይ ገበያ ላይ ሊገኝ ይችላል። ዱካ የለው፣ ምልክት የለው። ስለዚህ ማሳው ዳር ጎጆ ቀልሶ የሚያድር ገበሬ ከጎኑ ውሻ አያጣም። ማሽላ ሲደርስ ደግሞ ንጋት ላይ ዝንጀሮ ይመጣና ሌላ ፈረቃ ይጀመራል።

ሦስተኛው ውሾቹ ራሳቸው ናቸው። አንዱ ሲጮኽ ሌላው ይቀበላል። የመጀመሪያው ምክንያት አለው፣ ስድስተኛው ግን ለምን እንደሚጮኽ አያውቅም። እኛም ሠፈር ውስጥ ወሬ ስንቀባበል እንደዚያው ነን።

አንድ ነገር ልጨምር። ሌሊት ጩኸቱ ከቀን ይልቅ የቀረበ ይመስላል። ቅዠት አይደለም። መሬቱ ሲቀዘቅዝ ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ከላይኛው ይልቅ ይቀዘቅዛል። ያን ጊዜ ድምፅ ወደ ሰማይ መበተኑን ትቶ ወደ ታች ይታጠፋል። የራስጌ መስኮታችሁ ሥር የሚጮኽ የመሰላችሁ ውሻ ከሸለቆው ማዶ ሊሆን ይችላል። ጎረቤት ላይ ከመቆጣታችሁ በፊት ወጣ ብላችሁ አድምጡ። እኔ አንድ ጊዜ የተሳሳተ ቤት ሄጃለሁ።

ጅብ ነው፣ ሌባ ነው ወይስ ዝም ብሎ ነው? እንዴት ልለይ?

ጆሮ ይለምደዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የሀንጋሪ ተመራማሪዎች ጥናት አለ። የውሻ ጩኸት ቀድተው ለሰዎች አሰሙ። ሰዎቹ ውሻው እንግዳ አይቶ ይሁን፣ ብቻውን ታስሮ ይሁን፣ ሲጫወት ይሁን በጭፍን ግምት ከሚገኘው በላይ ለዩ። ውሻ ኖሯቸው የማያውቁትም ለይተዋል። ወፍራምና የተከታተለ ጩኸት ቁጣ ነው። ቀጠን ያለ፣ መሀል መሀሉ ላይ ፋታ ያለው የብቸኝነት ነው።

እኔ የለመድኩት እንዲህ ነው። ጅብ ሲመጣ ውሾቹ እየጮኹ ወደ ቤት ያፈገፍጋሉ፤ ድምፁ ወደ እናንተ ይመጣል። ሰው ሲሆን ደግሞ ወደ አጥሩ ይሄዳሉ፤ ድምፁ ይርቃል፣ አንድ ቦታም ይቆማል። እንደዚያ ሲሆን መብራት አብሩ፣ ለጎረቤትም ደውሉ። ጅብ ሆኖ በጣም ሲቀርብ ደግሞ ጭራሽ ዝም የሚሉበት ጊዜ አለ። እኔን የሚያነቃኝ ያ ዝምታ ነው። ካለፈ በኋላ ሁሉም ጀግና ይሆናል። ‹ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ› የተባለው ለዚያ ነው።

የሚጮኽ ውሻ አይነክስም?

ይነክሳል።

ውሻ ባለቤቱን ይመስላል የሚባለው እውነት ነው?

ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይህ ነው። ጥያቄው ባይጠየቅም ሐሜቱ አይቀርም።

ጠባዩን ይመስላል ማለት ይከብዳል። ዘሩ አለ። ቡችላ ሳለ ያየው አለ። የበላው ድንጋይ አለ። ክፉ ውሻ ያለው ደግ ሰው አውቃለሁ። ውሻ የሚነግረን የቤቱን ልማድ ነው። በዚያ ግቢ ሰው እንዴት እንደሚገባ፣ ማን እንደሚፈራ፣ ማን እንደሚናቅ። አጥር የሚደብቀውን ውሻ ያወጣዋል። ሦስት ጎረቤት አለኝ፤ ስም ሳልጠራ ልንገራችሁ።

ከእኔ በታች ያለው ገበሬ ሦስት ውሾች አሉት። ስም የላቸውም። ሦስቱም ‹ሰሬ› ናቸው፣ በኦሮምኛ ውሻ ማለት ነው። ከሲታ ናቸው፣ የተረፈ ገንፎ ነው የሚበሉት። በመጀመሪያው ወር መንገድ ከልክለውኝ ነበር። አንድ ጠዋት ሰውየው ጠራኝ። ‹አንተ፣ ና ቁጭ በል!› አለኝ። (በእኛ አገር አማርኛ አንቱታ ብርቅ ነው። ሽማግሌውም ሕፃኑም አንተ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣችሁ አትቀየሙ።) ሆጃ የሚባለውን የአገራችንን ትኩስ መጠጥ ጠጣሁ። ውሾቹ ጫማዬን አሸተቱ። አለቀ። ዛሬ በእኩለ ሌሊት ባልፍ ጆሯቸውን ብቻ ነው የሚያነሱት። ያ ቤት ቀኑን ሙሉ ሰው ይገባበታል፣ ሰው ይወጣበታል። ውሾቹ ሰው ማየት አይደንቃቸውም።

ከእኔ በላይ ባለ ፎቅ ቤት አለ። ግንቡ ከእኔ ቁመት እጥፍ ይሆናል፣ ላዩ የጠርሙስ ስባሪ ነው። ውስጥ ትልቅ የፈረንጅ ውሻ አለ። ቀን በሰንሰለት ነው። ያ ውሻ ከብረት በሩ ሥር ባለው ክፍተት የሚያየው ዓለም እግር ብቻ ነው። ስለዚህ የእግር ጠላት ሆነ። የትምህርት ቤት ልጆች እዚያ ጋ ሲደርሱ ማዶ ይሻገራሉ። ባለቤቱ ‹አቦ አይነካም፣ ወላሂ አይነካም!› ይላል። በሁለት እጁ አንቆ ይዞት ነው የሚለው። ሰውየው ክፉ አይደለም። ድሬዳዋ ሱቁ ውስጥ ስታገኙት ሳቂታ ነው። ግን ቤት ሲሠራ ግንቡን ከመሠረቱ ቀድሞ የጨረሰ ሰው ነው። ውሻው የሚጮኸው የሰውየውን ፍርሃት ነው።

ሦስተኛዋ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ናቸው። ልጆቻቸው ዐረብ አገር ናቸው። (ስጽፍ እሳቸው አልኩ እንጂ ፊት ለፊት አንቺ ነው የምላቸው።) ውሻቸው ድመት የምታክል ናት። በነፋስ ትጮኻለች። በቅጠል ትጮኻለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ጥርሴን ነክሼ ቻልኳት። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ አጥሩ አጠገብ ቆሜ ሰማሁ። ሴትዮዋ ከውስጥ ‹ማነው? ማነው የመጣው?› ይላሉ። ውሻዋ ትጮኻለች። ዝም ይባላል። ደግሞ ‹ማነው?› ይላሉ። ደግሞ ትጮኻለች። ለካ ይነጋገራሉ። ውሻዋ ስለጮኸች ይንቁ፣ ወይስ እሳቸው ስለነቁ ትጩኽ፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም። በጋራ አጥራችን ላይ አምፖል ሰቀልን። እኔም አምሽቼ ስገባ ‹እኔ ነኝ እማማ!› እላለሁ። ጩኸቱ አልጠፋም። ግን በጣም ቀንሷል።

የውሻው ስምስ ነገር አለው?

አለው። ስሙ የሚወጣው ለውሻው ነው፣ የሚሰማው ግን ጎረቤት ነው። ቦቢና ጃክ ሰላማዊ ናቸው። ግን ‹ምን አገባህ› የሚባል ውሻ አውቃለሁ። ማታ ማታ ባለቤቱ በሩ ላይ ቆሞ ወደ ጎረቤቱ ቤት ዞሮ ‹ምን አገባህ! ና ብላ!› እያለ ይጠራዋል። ጎረቤቱም ቡችላ አመጣና ‹ተወኝ› አለው። ሁለቱ ውሾች ተስማምተው ነው የሚኖሩት።

ሙስሊም ጎረቤቶቼ ውሻ ይጠላሉ?

ጥላቻና ጥንቃቄ ለዩ። በዚህ አካባቢ የሚከተሉት ሻፊዒ የሚባለውን መዝሀብ፣ ማለትም የእስልምና ሕግ አተረጓጎም፣ ነው። በዚያ መሠረት የውሻ ምራቅ ነጃሳ (ርኩስ) ነው። የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱ በአፈር። ሰው ለሶላት ሲሄድ ውሻችሁ ዘሎ ልብሱን ቢልስበት እንደገና ሊያጥበው ነው። ይህን አለማሰብ የእናንተ ጥፋት ነው። ውሻ ለጥበቃ፣ ለእርሻና ለአደን ማሳደግ ግን የተፈቀደ ነው፤ ቤት ውስጥ አይገባም እንጂ። በጫማው ውኃ ቀድቶ የተጠማ ውሻ በማጠጣቱ ኃጢአቱ የተማረለትን ሰው ታሪክ የነገረኝ ያ ገበሬ ጎረቤቴ ነው። በቁርዓን ውስጥ የዋሻው ሰዎች ውሻም አለ።

ክርስቲያኑም ቢሆን የተለየ አይደለም። ‹ቤተ ክርስቲያን እንደገባች ውሻ› የሚለውን አነጋገር ያመጣነው እኛ ነን።

ጎረቤቴን እንዴት ላናግረው?

እዚህ ላይ ቀስ በሉ።

በመጀመሪያ ሌሊት አትናገሩ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት አጥር ላይ ቆሞ የሚጮኽ ሰው ለጎረቤቱ ሌላ ውሻ ነው። በአጥር ላይም አትናገሩ። በበር ግቡ።

በርጫ ላይም አታንሱት። ይህን የምለው ከደረሰብኝ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ፣ ምርቃናው ሲመጣ፣ ጎረቤቴ ውሻውን ብቻ ሳይሆን አጥሩንም ሊያነሳልኝ ቃል ገባ። እኔም ለሁለቱ ውሾች ቤት ልሠራ ቃል ገባሁ። ማታ ሁለታችንም ረሳነው። ውሾቹም እንደነበሩ ቀጠሉ።

ጠዋት ሂዱ። ቡና ወይም ሆጃ ሲፈላ። ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጫት ዋጋ ጠይቁ። ከዚያ ‹ሌሊት ጅብ ነበረ እንዴ?› በሉ። ይበቃል። ሰውየው ራሱ ስለ ውሻው ይጀምራል። ‹አላስተኛችሁም አይደል?› ካላችሁ ጉዳዩ ግማሹ አልቋል። ‹እኔ አልሰማሁም› ካለም ነገር ነግሯችኋል። የራሱን ውሻ የማይሰማ ሰው የእናንተን እሮሮም ለመስማት ጊዜ ይፈልጋል። በሁለተኛው ሳምንት ተመለሱ።

የምትጠይቁት ነገር ትንሽና የሚቻል ይሁን። ‹ውሻህን አስወግድ› አትበሉ። ‹ማታ ማታ ከእኔ መኝታ በኩል አንስተህ ወደ በሩ ብታስረውስ?› በሉ። ወይም ሌሊት ከሰንሰለት ይፈታ። አጥር ካለ የተፈታ ውሻ ዞሮ አይቶ ይተኛል፤ የታሰረ ውሻ ሄዶ ማየት ስለማይችል ቆሞ ይጮኻል። ወይም ምግቡን ማታ ይስጠው። የጠገበ ውሻ ይተኛል። ጅብ የሚጠራውን ቆሻሻና አጥንት አብራችሁ አንሱ። ይህን እኛ ሠፈር አድርገነዋል፣ ረድቷል።

ካልሆነ እድር ወይም አፎቻ (የሐረሪዎቹ እድር) ውስጥ ያሉ ሽማግሌዎች አሉ። ‹ውሾን ያነሳ ውሾ ይሁን› የሚባለውን ታውቃላችሁ። አባቶች እንደሚተርኩት ነገሩ የተጀመረው በአንድ ውሻ ነው። አንዱ የሌላውን ውሻ ገደለ፣ ባለ ውሻው ተበቀለ፣ ዘመድ ለዘመድ ተጫረሰ። በመጨረሻ ሽማግሌ ገብቶ አስታረቀ፣ ያን ውሻ ዳግመኛ በአፉ ያነሳ እሱ ራሱ ውሻ ይሁን ተባለ። ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው ማብቂያውን ነው። እኔን የሚገርመኝ መጀመሪያው ነው።

ሕጉስ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሁለቱንም ነገር ያነሳል። አንቀጽ 1225 ባለንብረት ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል፤ ጭስ፣ መጥፎ ሽታና ድምፅ ከመልካም ጉርብትና ልክ እንዳያልፍ ይላል። አንቀጽ 2071 ደግሞ እንስሳ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል፣ ሳያስበው አምልጦ ቢሆንም እንኳ። ስለዚህ ‹በሩን ልጁ ከፍቶት ነው› የሚለው ማምለጫ አይሆንም። ለመንከስ ሕጉ ይጠቅማል። ለጩኸት ግን ፍርድ ቤት ከመሄድ ሆጃው ይቀላል። ብትረቱም አጥሩ ያው አንድ ነው።

ሥጋ ላይ መርዝ አድርጌ ብጥልስ?

አይሆንም። ይህን የሚጠይቅ ሰው አለ፣ ለዚያ ነው የጻፍኩት። ሥጋው የማንን ውሻ እንደሚጠብቅ አያውቅም። ድመት ይበላዋል፣ ጅብና አሞራ ይበላዋል፣ ሕፃን ልጅ ሊያነሳው ይችላል። ከዚያ በኋላ በዚያ ሠፈር ማን እንዳደረገው የማያውቅ የለም።

ነከሰኝ። ምን ላድርግ?

አሁኑኑ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡት። ሰዓት ይዛችሁ። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፣ ሰው በሁለተኛው ደቂቃ ይሰለቻል። ቡና፣ በርበሬ ወይም አመድ አትነስንሱበት። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱና ስለ ክትባት ጠይቁ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ግን ክትባቱ ያድናል። የባሕል መድኃኒትም ጸሎትም የሚሻ ሰው ካለ ከክትባቱ ጎን ያድርገው፣ በክትባቱ ፋንታ አይሁን።

ውሻውን አትግደሉት። ታስሮ 10 ቀን ይታይ። 10ሩን ቀን ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ሰዓት ምራቁ ውስጥ በሽታው አልነበረም ማለት ነው። እናንተ ግን ክትባቱን ለመጀመር 10 ቀን አትጠብቁ።

ውሻው ሲነክሳችሁ ባለቤቱ የሚለው የመጀመሪያ ቃል ብዙ ይናገራል። አንዱ ‹ደማህ?› ይላል። ሌላው ‹ምን አድርገኸው ነው?› ይላል።

የእኔ ውሻ ቢሆንስ የሚያስቸግረው?

ማንም ሰው ይህን አይጠይቀኝም። እኔው ልጠይቀው።

አንድ ቀን ገበሬው ጎረቤቴ ‹ውሻህ ልብስ ያያል› አለኝ። አልገባኝም። ‹መኪና ያለው ሲመጣ ጭራውን ይቆላል። ጆንያ የተሸከመ ሲያልፍ ይነሳል› አለኝ። ተናደድኩ። ከዚያ አንድ ሳምንት በረንዳ ላይ ተቀምጬ አየሁት። እውነቱን ነው። ከሰል የሚያዞሩት ሴቶች ላይ ይጮኻል። ቆራሌው ላይ ይጮኻል። የኔ ቢጤ ሲመጣ ሰንሰለቱን ሊበጥስ ይደርሳል።

ማን አስተማረው? እኔ አላስተማርኩትም አልኩ ለራሴ። ግን ውሻ እጅ ያያል፣ ትከሻ ያያል። ቆራሌው ሲጣራ ከወንበሬ ብድግ የምለው እኔ ነኝ። በሩ ይዘጋ የምለው እኔ ነኝ። የመኪና ጥሩንባ ሲሰማ በሩን በርግጄ በፈገግታ የምወጣውም እኔ ነኝ። ውሻው ስድስት ዓመት ሙሉ እኔን ሲያጠና ኖሯል።

አሁን ቆራሌው ሲመጣ ወጥቼ ሰላም እለዋለሁ። ውሻው ግራ ይጋባል። ትልቅ ውሻ ቶሎ አይለወጥም። ቀንሷል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አልተወም።

ድሬዳዋስ እንዲህ ነው?

ያነሰ ነው፣ ወይም ሌላ ዓይነት ነው። ድሬ ሰው ራሱ ውጭ ነው የሚያመሸው፣ ውሻው ብቻውን አይደለም። ውሻ በቆዳው ስለማያልብ ሙቀቱን የሚያወጣው በማለክለክ ነው፤ በድሬ ቀን ላይ ለመጮኽ አቅም የለውም። ግመል ሲያልፍ ግን አይምርም። ‹ውሾች ይጮኻሉ፣ ግመሎች ይሄዳሉ› የሚለውን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ከከተማው ጫፍ በጠዋት ቁሙ።

እኔም ውሻ ላሳድግ?

ብቻውን አስራችሁ የምትረሱት ከሆነ አይሆንም። ከሆነላችሁ ግን ቡችላውን ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ አትለዩት። በሦስት ወሩ የእብድ ውሻ ክትባት ይከተብ፣ ከዚያ በየዓመቱ። ደግሞ እስከ ሦስት ወር ከምናምን ያለውን ጊዜ አታባክኑ፤ ሰው ምን እንደሆነ የሚማረው ያን ጊዜ ነው። ታቅፋችሁ በየአጥሩ አዙሩት። ሽማግሌ ይይ፣ ልጅ ይይ፣ ጆንያ የተሸከመም ይይ። ውሻ መንካት የማይፈልግ ጎረቤት ካለ ከሩቅ አሳዩት።

ስሙን የጎረቤት ልጆች ያውጡለት። ራሳቸው ስም ያወጡለትን ውሻ በድንጋይ አይመቱም። አዲሱን ቡችላችንን እንደዚያ አድርገናል። ሲያለቅስ ድምፁ ዳገት የሚወጣ ባጃጅ ስለመሰላቸው ‹ባጃጅ› አሉት። ማታ ስሙን ስጠራ አንዳንዴ እውነተኛ ባጃጅ ይቆምልኛል።